ጠብቆ ይነበብ

ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ሆና ሠርታለች። ዕድሜዋን የጨረሰችው ከመስኮት ሥር፣ አንድ እግሩ ከሌሎቹ ባጠረ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራዋ ሌላው የጻፈውን ማንበብ፣ የጎደለውን ፊደል መመለስ፣ የተረፈውን ማባረር ነበር። ባልደረቦቿ ታዲያ በስሟ አይጠሯትም። «ጠበቅ» ነበር የሚሏት።

ስሙ የወጣላት እንዲህ ነው። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል አይለይም። «ዋና» ብሎ የጻፈ ሰው ወንዝ ውስጥ ይግባ ወይም ዋና አለቃ ይሁን፣ በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ለሌላው ይኼ ምኑም አይደለም፤ የቀረው ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል። እሷን ግን ሰላም ይነሳት ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ አላልቶ ካለፈ፣ ከጥጓ ሆና፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እሷን ፊደል ጠበቅ!» ትላለች። ሲደጋገም ስም ሆነ። ጡረታ የወጣች ዕለትም ለስንብት አንድ ካርቶን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ሰጧት። እሷ ስቃ ስታበቃ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ቤት መዋል የጀመረች ሰሞን ባሏ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስታርም ያዛት። «አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ ካልተገኘልሽ የቤቱን ግድግዳ ልታርሚው ነው» አላት።

ሥራ ተገኘላት። ከሰፈራቸው ሁለት ፌርማታ አልፎ አንድ ራዲዮ ጣቢያ አለ። ጣቢያው በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ደራሲ ጋብዞ ስለ ሐሳብ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ታሪክና ስለ ባህል ያወያያል። አቅራቢው ድምፁ የሚጠጣ ጎልማሳ ነው። ደግ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሰው ያከብራል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ መጽሐፍ አያነብም። ጠዋት ዜና ያነባል፣ ቀን ማስታወቂያ ይቀርጻል፣ መጽሐፍ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በሽፋኑ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ለእሷ ይላካል። እሷ ከዳር እስከ ዳር ታነብና ሰባት ጥያቄ በሰባት ካርድ ላይ ጽፋ ትሰጠዋለች። እሱ ይጠይቃል፤ አድማጩ «ወይ ይኼ ልጅ! የማያነበው የለ!» ይላል።

ስሟ አይጠራም። እንዲጠራም አልፈለገችም። ማይክሮፎን እንኳ ስታይ ሰው የተቆጣት ይመስል አንገቷን የምትደፋ ሴት ናት።

በመጀመሪያው ወር አቅራቢው አንድ ፈላስፋ ጋብዞ፣ የጻፈችለትን ጥያቄ ሲያነብ «የመጽሐፍዎ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» የምትለው ላይ «ዋና»ን አላላት። ፈላስፋው መነጽሩን አውልቆ፣ «እኔ እንኳ መዋኘት አልችልም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ሁለት ነጥብ ማስቀመጥ ጀመረች። አቅራቢው ነጥብ ሲያይ ይረግጣል፤ ነጥብ ሳያይ ያልፋል። እንደ መኪና መብራት ለመደው።

ካርዶቹ የሚጻፉት ቁርስ ላይ ነበር። ባሏ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሱም እንደ አቅራቢው መጽሐፍ አያነብም፤ ሲነበብለት ግን ጆሮው ጥሩ ነው። እሷ ጥያቄውን ታነብለታለች፣ እሱ ደራሲውን ሆኖ ይመልሳል። የእሷን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ይሰካል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል።

«እሱን ለምን ትላለህ ሁልጊዜ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ምን እንደሚመልሱ እስኪያስቡ ነው። እኔም ትራፊክ ሲያስቆመኝ ‹እንደምን አደርክ ጌታዬ› እለው ነበር።»

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ባለቅኔ ሆኗል፣ የታሪክ ተመራማሪ ሆኗል፣ አንዴም ሰባት ልጅ ያሳደጉ የልብ ወለድ ደራሲ ሴት ሆኖ እሷን ከወንበር እስክትወድቅ አስቋታል። በሳምንቱ ውስጥ ከዚያ ሰዓት የምትወደው ሰዓት አልነበራትም። ማተሚያ ቤቱን ያስረሳት ደመወዙ ሳይሆን ይኼ ሰዓት ነው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ወፍራም መጽሐፍ መጣ። ጸሐፊው በዘመናቸው የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ የነበሩ አዛውንት ናቸው። አራት መቶ ገጽ፤ ስለ መንገዶችና ስለ መንግሥታት፣ ስለ ስብሰባና ስለ ውሳኔ። ጥሩ ተጽፏል። እሷም ሁለት ስህተት ብቻ ነው ያገኘችበት፤ ይህም በእሷ ቤት ትልቅ ምስጋና ነው። ሦስት ጠዋት ሙሉ ለባሏ እየመረጠች አነበበችለት። በሦስተኛው ቀን ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከረ እጁን አቆመ።

«ቆይ፣ ሰውየው የሚሄደው በክንፍ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከዚህ ተነሣሁ ይላል፣ እዚያ ደረስኩ ይላል። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር! ማን ነዳው? የመንገድ መጽሐፍ ተብሎ አንድ ሹፌር አይገኝበትም? እሺ ሹፌሩ ይቅር፤ ድንጋዩን ማን ፈለጠው? አንድ ሰው እንኳ ‹ደከመኝ› አይልም?»

መጽሐፉን መልሳ ገለጠች። እውነቱን ነው። ሚኒስትሮች ይናገራሉ፣ መሐንዲሶች ይከራከራሉ፣ ባለ ገንዘቦች ይሳደባሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ከሩቅ እንደሚታይ ነው፤ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ አፉ አይከፈትም። ደነገጠች፤ የፊደል ግድፈት ስትፈልግ የሰው ግድፈት አልፏት ነበር። ወዲያው አምስተኛውን ካርድ ሳበችና ጻፈች፦ «አራት መቶ ገጽ ጽፈዋል። ሕዝብ ይሰማል?»

ድምፁ ይሰማል ወይ፣ ማለቷ ነው። ባሏ በዚህ መሃል መነጽሯን ሰክቶ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ በኃላፊ ድምፅ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን» አለ። ሳቋ አመለጣት፣ ሻይዋ ተንጠባጠበ። ካርዶቹ እንዳይረጥቡ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ራዲዮኑ አጠገብ ተቀመጡ። እስከ አራተኛው ጥያቄ መልካም ነበር። አዛውንቱ ጨዋ ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ። አቅራቢው አምስተኛውን ካርድ ሲያነሳ ወረቀቱ ተሰማት።

«አራት መቶ ገጽ ጽፈዋል» አለ በዚያ በሚጠጣ ድምፁ፤ «ሕዝብ ይሰማል?»

አላላው። «ሰ»ንም «ማ»ንም አላላቸው። የሕዝብ ድምፅ ይሰማል ወይ መሆኑ ቀርቶ፣ ሕዝብ የሚሉትን ያዳምጣል ወይ ሆነ።

«ጠበቅ!» ብላ ጮኸች ለራዲዮኑ።

«አይሰማም!» አሉ ደራሲው። «እንዴት ይሰማል ልጄ? ተናግረን ተናግረን ምላሳችን ደረቀ! መንገዱን ጠብቁ አልናቸው፤ ጠርዙን እየነቀሉ አጥር ሠሩበት። ቦዩን አትድፈኑ አልናቸው፤ ቆሻሻ ሞሉበት። ሕዝብ ጆሮ የለውም!» ያ ጨዋ ሽማግሌ ስምንት ደቂቃ ሙሉ፣ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ምሬት ዘረገፉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ መመለሻ አልነበረውም።

ስልክ ጎረፈ። አንዲት ሴት «ጌታው፣ እርስዎስ ሰምተውን ያውቃሉ?» አለች። አንዱ መንገዱ ቤቱን ሲያፈርስበት ስንት ማመልከቻ እንደጻፈ ቆጠረ። ሌላው ምንም ሳይናገር ሳቀና ዘጋው። ደራሲው መጀመሪያ መለሱ፣ ከዚያ ተንተባተቡ፣ በመጨረሻም «ይቅርታ፣ ራሴን አሞኛል» ብለው ወጡ። የተረፈውን ጊዜ በሙዚቃ ሸፈኑት።

እሷ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ባሏ «ልጁ ነው ያጠፋው» አላት። አላመነችውም። በማግሥቱ ጣቢያው ሄዳ ካርዱን ከመሳቢያ አወጣችው። «ሰ» አናት ላይ ነጥብ የለም። «ማ» አናት ላይ ነጥብ የለም። ስትስቅ ረስታዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራ፣ የራሷ አንዲት ስህተት አንድ ሽማግሌ በአገር ፊት አዋረደች።

የጣቢያው ኃላፊ ግን በደስታ ሰክሯል። «እትዬ፣ እንደዚህ ስልክ ተደውሎልን አያውቅም! ሰውየውን ወጥመድ ውስጥ ከተትነው እኮ!»

«እኔ ወጥመድ አልጻፍኩም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስህተት ነው። ነጥቡን ረስቼ ነው። ጥያቄው ጠብቆ ነው የሚነበበው።»

ነገሩን አስረዳችው። ኃላፊው አዳመጣትና ትከሻዋን ቸብ አደረገ። «ይተዉት እትዬ። ጋዜጣ እርማት ያወጣል፣ መጽሐፍ እርማት ያወጣል። ራዲዮ አየር ነው፤ አየር ላይ ምን ይታረማል?»

«የተሳሳትነው አየር ላይ ነዋ።»

«ለማንኛውም፣ ከሳምንት በኋላ ማን ያስታውሰዋል?»

የሚያስታውስ ግን ነበር። በዚያው ቀን የደራሲው ሴት ልጅ ደውላ፣ ስልኩን ላነሳው ሁሉ እየነገረች ነበር። አባቷ ጠዋት ጠዋት ወደሚቀመጡበት የሰፈር አግዳሚ ወንበር ወጥተው ወዲያው ተመልሰዋል፤ ከእንግዲህም አልወጣም ብለዋል። የሰፈሩ ጎረምሳ መዳፉን ጆሮው ላይ እያደረገ «አባባ፣ ሕዝብ ይሰማል?» ብሏቸዋል።

ኮሪደር ላይ አቅራቢውን ይዛ አስቆመችው። ስህተቱን አየር ላይ እንዲናገር ስትጠይቀው፣ ገና ሳትጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ የእኔ እናት፣ ‹ነጥብ ስላልነበረው አላላሁት› ብዬ ብናገር፣ ‹መጽሐፉን ብታነብ ኖሮ ይገባህ ነበር› አይሉኝም?»

«ይሉሃል።»

«ታዲያ?»

«ብታነበው ይገባህ ነበራ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «እሱማ ልክ ነዎት» አለና ወደ ስቱዲዮው ገባ።

ቅዳሜ ካርዱን ይዛ ደራሲው ቤት ሄደች። ብቻዋን ሰው ቤት ማንኳኳት ለእሷ ተራራ መውጣት ነው፤ ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆማ ተመልሳ ልትወርድ ነበር። በሩን ሴት ልጃቸው ከፈተችላት። ማን መሆኗን ስትነግራት ልትዘጋባት ፈልጋ፣ ሽበቷን አይታ ተወች።

ክፍሉ በመንገድ ካርታ ተሞልቷል። ሽማግሌው ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በተቀመጡበት ቀና አሉ።

«ጥያቄውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ጋሼ። ተሳስቼ ነው። ያሰብኩት ሌላ ነበር።» ካርዱን ዘረጋችላቸው።

ተቀበሉና አራቅ አድርገው አነበቡት። «ሕዝብ ይሰማል» አሉ፤ እሳቸውም አላሉት። «ይኼው ነው እኮ የተጠየቅኩት! ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«ጠበቅ ያድርጉት።»

«ምን?»

«‹ሰ›ንም ‹ማ›ንም። ጠበቅ።»

ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፋቸውን ሳቡና መሃሉን ገለጡ፣ ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ። ሰው በቤቱ ውስጥ የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ነበር የሚመስሉት። ልጃቸው ሻይ አምጥታ አስቀምጣ ሄደች። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ይኼኛው ይብሳል» አሉ በመጨረሻ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ምን ይቅርታ አለው? እውነትሽን ነው።» እርስዎ ማለቱን ትተውት ነበር። «ማን ነው ይኼን ያሰበው? አንቺ ነሽ?»

«ባለቤቴ ነው። ሹፌር ነበር። ‹ሰውየው የሚሄደው በክንፍ ነው ወይ› አለኝ።»

ሽማግሌው ሳይፈልጉት ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ዓይናቸውን ጠርገው ካርዱን መለሱላት። «ልጄ፣ ስሰደብ አገር ሁሉ ሰምቷል። ይቅርታው ግን እዚህ ጓዳ ውስጥ፣ ለእኔና ለቀዘቀዘ ሻይ ብቻ ነው?»

ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተሰናበተቻቸው። ቤቷ እስክትደርስ ግን ምን ማድረግ እንዳለባት አውቃለች። በመጽሐፍ ሥራ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ታትሞ ያለቀ መጽሐፍ ስህተት ሲገኝበት መጽሐፉ አይቃጠልም፤ አንዲት ትንሽ ወረቀት ታትማ ገጹ መሃል ትገባለች። እርማት ይባላል።

ረቡዕ ለአቅራቢው ሰባቱን ካርዶች ከሰጠችው በኋላ ስምንተኛ ጨመረችበት። ነጥቦቿ እንደ በርበሬ ቀልተዋል። አነበበውና ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼን አየር ላይ ካላነበብከው» አለች፣ «ከዚህ በኋላ ካርድ አልጽፍልህም።»

«ያስፈራሩኛል እንዴ እትዬ?»

«አላስፈራራህም። አልችልም ነው ያልኩህ። ያልታረመ ነገር ላይ ሌላ መጻፍ አልችልም።»

ማታ ራት ላይ ለባሏ ስትነግረው፣ ጥቂት አሰበና «እና እኔ ቁርስ ላይ ምን ልሆን ነው እንግዲህ?» አላት። ቀልዱ ነው። ግን ሁለቱም አልሳቁም።

ሐሙስ ደረሰ። የዕለቱ እንግዳ ስለ ጥንት አልባሳት የጻፈች ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ፕሮግራሙ ተጀመረ፤ እርማት የለም። አንደኛው ጥያቄ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ልጅቱ ስለ ማቅለሚያና ስለ ክር በደንብ ታወራለች፤ እሷ ግን አንዱም አልገባት። አራተኛው ጥያቄ ሲያልፍ ተነሥታ የራዲዮኑን ቁልፍ ያዘች።

«ተይው» አለ ባሏ።

«አያነበውም። ምን አደርጋለሁ ሰምቼው?»

«ተይው አልኩሽ። ልጁ አንጀት አለው።»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ የአቅራቢው ድምፅ፤ ያ የሚጠጣው ሳይሆን፣ ደረቅ ያለ።

«ይቅርታ እንግዳዬ፣ አንድ ጊዜ ላቋርጥሽ። እርማት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ፕሮግራማችን፣ በአምስተኛው ጥያቄ ላይ ‹ይሰማል› የሚለው ቃል ላልቶ ተነብቧል። ጠብቆ ይነበብ።» ተነፈሰ። «ሕዝብ ይሰማል?» አለ፤ ሁለቱን ፊደሎች በጫማው እንደሚረግጥ ሰው ረገጣቸው። «እንግዳችን የነበሩት ደራሲ የተጠየቁት ይኼ ነበር። የመለሱት ግን ያልተጠየቁትን ነው። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። አድማጮቼ፣ ጥያቄዎቹን የምትጽፍልኝ አንዲት እናት አለች። መጽሐፎቹንም የምታነበው እሷ ናት። ያን መጽሐፍ እኔ አላነበብኩትም ነበር። ከእሑድ ጀምሬ ግን እያነበብኩት ነው። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሻለሁ።»

ባሏ ጭኑን በጥፊ መታ። እሷ ቁልፉን እንደያዘች፣ ቁጭም ቁምም ሳትል ቀረች።

ጥቂት ቆይቶ ስልክ ገባ። ቴክኒሻኑ ቶሎ አስገባው። «ሃሎ» አለ ቀስ ያለ ድምፅ፤ ደራሲው ናቸው።

«ጋሼ!» አለ አቅራቢው።

«እንግዳህን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ አላስረዝምባትም። ጥያቄውን ድገምልኝ እስቲ።»

«ሕዝብ ይሰማል?» አለ፣ አሁንም እየረገጠ።

«አይሰማም» አሉ ደራሲው። ባለፈው ሳምንት የተናገሩት ቃል ራሱ ነው፤ ዛሬ ግን ጠብቆ፣ ዝቅ ብሎ ወጣ። «በእኔ መጽሐፍ ውስጥ አይሰማም። ያፈነው ሌላ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ። አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ድንጋይ የምትፈልጥ ሴት ነበረች። አንድ ቀን መኪናዬን አስቁማ የነገረችኝ ነገር አለ። በረቂቁ ላይ ነበረች። ‹ይኼ ለታሪክ ምን ይጠቅማል› ብዬ ቆርጬ ያወጣኋት እኔው ነኝ።»

እዚህ ላይ አቆሙ። ለዚህ የተጻፈ ካርድ እንደሌለ አራሚዋ ታውቃለች። ስቱዲዮው ውስጥ ወረቀት አልተንኮሻኮሸም።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ አቅራቢው። «ምን አለችዎት?»

«ይኼን እኔ አልጻፍኩለትም» አለች ወደ ባሏ ዞራ፤ ፊቷ ሁሉ በርቶ። «ራሱ ነው የጠየቀው! ሰማህ? ራሱ…»

«ዝም በይ እስቲ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ ባሏ፤ ወንበሩን ወደ ራዲዮኑ እያስጠጋ። «ሴትየዋ ልትናገር ነው።»